ብዙ ድካም የማይጠይቅ ትልቅ የዓሣ ማሳያ ገንዳ እንዴት ይታቀዳል?

ሆቴል፣ ባንክ፣ ወይም ትልቅ መደብር ያቋቋመ ሰው በእንግዳ መቀበያ አዳራሹ ውስጥ ከመስተዋት የተሠራ የዓሣ ገንዳ ለማቆም ቢያስብ አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ተራውን የሚጠብቅ ደንበኛ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ሲያገኝ የቆየበት ጊዜ አይታወቀውም። እንዲህ ያለው ትርኢት በ1853 እ.አ.አ. በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ተመልካች አጥቶ አያውቅም። ነገር ግን ውኃው የደፈረሰ፣ መስተዋቱ አረንጓዴ የለበሰ፣ ዓሣው በጀርባው የተንሳፈፈ ገንዳ ባለቤቱን ከማስመስገን ይልቅ ያሳማዋል። ደንበኛው «ይህን መጠበቅ ያልቻለ የእኔን ጉዳይ እንዴት ይጠብቃል?» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው ጉዳት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከጠባቂው ስንፍና ሳይሆን ከዕቅዱ ጉድለት ስለ ሆነ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ነገሩን በወረቀት ላይ ሳለ መመርመር ይገባል።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ ከተማ የሚቆም፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ። የሚይዘው ውኃ 2,400 ሊትር ነው።

1ኛ/ ስለ ክብደትና ስለ ቦታ።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ውኃው ብቻ 2,400 ኪሎ ይሆናል። ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ 800 ኪሎ ማረፉ ነው፤ የመስተዋቱ፣ የጠጠሩና የመቆሚያው ክብደት በዚህ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ገንዳው ከምድር ቤት በላይ የሚቆም ከሆነ መሐንዲስ ወለሉን ሳይመረምር ሥራው መጀመር የለበትም።

ጥልቀቱም በጥንቃቄ ይወሰን። የውኃ ግፊት የሚያድገው በጥልቀት መጠን ነው። በምሳሌያችን የፊተኛውን መስተዋት የሚገፋው ኃይል 960 ኪሎ ያህል ነው፤ ጥልቀቱ እጥፍ ሆኖ 1 ሜትር ከ60 ቢደረግ ግን ግፊቱ አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 3,840 ኪሎ ይደርሳል። ከዚህም በላይ የጽዳት ሠራተኛው ክንድ ከታች ያለውን ጠጠር ሊደርስበት አይችልም። ትልቅ ገንዳ የሚፈልግ ሰው ጥልቀቱን ሳይሆን ርዝመቱንና ወርዱን ይጨምር። የፀሐይ ብርሃን የሚያርፍበት መስተዋትም ዋቅላሚ (አልጌ) ቶሎ ስለሚያበቅል ቦታው ከመስኮት ይራቅ።

2ኛ/ ስለ ከተማው ከፍታ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውኃ ሊይዘው የሚችለው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን የዓሣ ቁጥር እንዳለ ወስዶ የሚሠራ ሰው ዓሦቹን በገዛ እጁ ያፍናቸዋል። ቁጥሩ ይቀነስ፤ የውኃው ገጽም በፓምፕና በአየር ዘወትር ይናወጥ።

3ኛ/ ስለ ማጣሪያና ስለ መብራት መጥፋት።

ውኃው በየሰዓቱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ በማጣሪያ ውስጥ ቢያልፍ መልካም ነው። ማጣሪያው ከገንዳው ሥር በሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ውስጥ ቢሆን ለጠባቂው ይመቻል። ሆኖም መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ፓምፑ ስለሚቆም ከላይ ያለው ውኃ እስከ መውረጃው አፍ ድረስ ወደ ታች ይፈሳል። የላይኛው ውኃ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ቢል 90 ሊትር ይወርዳል። ለዚህ የሚበቃ ባዶ ቦታ በታችኛው ገንዳ ካልተተወ ውኃው በአዳራሹ ምንጣፍ ላይ ይፈሳል። ደግሞም በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ፣ እንዲሁም ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ መስመሩን ራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ አስፈላጊዎች እንጂ የቅንጦት ዕቃዎች አይደሉም።

4ኛ/ ስለ ትዕግሥት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ገንዳው ተሞልቶ በማግስቱ ዓሣ ይገባበታል፤ ለምርቃት በዓልም ያምራል፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ግን ዓሦቹ ያልቃሉ። ምክንያቱም ከዓሦቹ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ወገን ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይህም ገና መርዝ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ውኃው ቀዝቃዛ ሲሆንም ከዚህ የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዓሣ ሳይገባ ጥቂት አሞኒያ እየተጨመረ ይቆይ፤ በመለኪያ ሲታይ አሞኒያውም ናይትራይቱም ቶሎ የሚጠፉ ሲሆኑ ዓሦቹ ጥቂት በጥቂት ይግቡ። የምርቃቱም ቀን በዚህ ይቆረጥ።

5ኛ/ ስለ ዓሦቹ ምርጫ።

የዚህን ገንዳ ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ የሞቀውም ውኃ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የሞቃት አገር ዓሣ መምረጥ በየወሩ የሚከፈል ወጪ መግዛት ነው። ወርቃማው ዓሣ ያለ ማሞቂያ ይኖራል፤ ሲያድግ ግን ከ20 ሳንቲ ሜትር ሊበልጥና ብዙ ቆሻሻ ሊያወጣ ስለሚችል ለዚህ ገንዳ ከ15 ባይበልጥ ይመረጣል። ከአገራችን ዓሦች ቆሮሶ ጠንካራ ቢሆንም ጠጠሩን ይቆፍራል፣ ተክል ይነቅላል፣ ይጣላልም። አምባዛ ደግሞ ትንንሾቹን ይውጣል። በደጋ ወንዞች የሚገኙት፣ በሳይንስ ስማቸው ጋራ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ግን ቅዝቃዜ የለመዱ ከመሆናቸውም በላይ ከድንጋይ ላይ ዋቅላሚ እየፋቁ ይበላሉ።

6ኛ/ ስለ ሳምንታዊው ሥራ።

በየሳምንቱ ከውኃው አንድ አሥረኛው፣ ማለት 240 ሊትር፣ መለወጥ አለበት። ይህ በባለ 20 ሊትር ባልዲ ቢሠራ 12 ባልዲ ማውጣትና 12 ባልዲ ማግባት ነው፤ እንዲህ የሚያደክም ሥራም ውሎ አድሮ ይተዋል። የፍሳሽና የመሙያ ቧንቧ ከመጀመሪያው ከተዘረጋ ግን ቁልፍ መክፈትና መዝጋት ብቻ ይሆናል። የቧንቧው ውኃ ክሎሪን ስላለበት በተለየ ማጠራቀሚያ በአየር እየተናወጠ ይቆይና ክሎሪኑ መልቀቁ ተለክቶ ይግባ። የማጣሪያው ስፖንጅ ከገንዳው በወጣ ውኃ እንጂ በቧንቧ ውኃ አይታጠብ፤ ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድላልና። የመኖ ኃላፊነት ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ፤ ሁሉም ሠራተኛ ሲያበላ ውኃው ይበላሻል።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለ። የተረፈ ዓሣና ተክል ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አይጣል። ጣና ከሌላ ሥፍራ የማይገኙ የዓሣ ዘሮች ያሉት ሐይቅ ነው፤ ከ2011 እ.አ.አ. ጀምሮ በላዩ የታየው እምቦጭም በብዙ አገሮች ለአበባው ውበት ሲባል የተዛመተ ተክል ነው። ለአንድ አዳራሽ ጌጥ የተገዛ ነገር የብዙ ዓሣ አጥማጆችን እንጀራ እንዳይነካ መጠንቀቅ የገንዳው ባለቤት ግዴታ ነው።

እንግዲህ ገንዳ ለማቆም ያሰበ ነጋዴ ከመስተዋቱ ዋጋ አስቀድሞ ወለሉን፣ የውኃውን መግቢያና መውጫ፣ የሚጠብቀውንም ሰው ያስብ። እነዚህ ከተሟሉ ገንዳው በሳምንት የጥቂት ሰዓት ሥራ ብቻ ይጠይቃል፤ ለቤቱም ለብዙ ዓመት መልካም ስም ያተርፋል።