ውሃችንን ማን ይጨርሰዋል?

በግቢያችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ መሆኑ የታወቀ ነው። ማታ ሞልቶ ያደረው ታንከር ጧት ጎድሎ በተገኘ ቁጥር «የሴቶች ማደሪያ በልብስ አጠባ ጨረሰው» ሲባል ከረመ። እኛም ብለናል፤ አንክድም። ነገር ግን መምህር የሚሆን ሰው ከመፍረዱ በፊት መለካት አለበትና አምስት ሆነን ነገሩን ለመመርመር ተነሳን።

አንደኛ፤ ፍሳሽ መኖሩን ማረጋገጥ። ለመጸዳጃ የሚሆን ውሃ በባልዲ አስቀምጠን፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ፣ ወደ ታንከሩ የሚያስገባውንም ጭምር ዘጋን። የውሃውን ከፍታ በዘንግ ለክተን ምልክት አደረግን። ጧት ማንም ሳይቀዳ ስናየው አንድ ስንዝር ወርዷል! ታንከር የሌለው ቤት ይህንኑ በቆጣሪ ማወቅ ይችላል። ሁሉን ዘግቶ ቁጥሩን መጻፍ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሶ ማየት ነው። ቁጥሩ ከተለወጠ ከቆጣሪው ወዲህ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ሁለተኛ፤ ቦታውን መፈለግ። የልብስ ማጠቢያው ቧንቧ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶም ጠብ ጠብ ይላል። የአንድ ሊትር ጣሳ ብንደቅንበት በ40 ደቂቃ ሞላ። የቀኑ 1440 ደቂቃ ለ40 ሲካፈል 36 ሊትር፣ በወር 1080 ሊትር መሆኑ ነው። ቢሆንም ይህ በአንድ ሌሊት 12 ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ ታንከሩን ስንዝር አያወርድም። ታዲያ ሌላው የት ገባ? በየመጸዳጃው የውሃ ሳጥን ውስጥ የብዕር ቀለም ጨምረን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ከስድስቱ በሁለቱ፣ ማንም ውሃ ሳይለቅ፣ ቀለሙ ወደ መቀመጫው ወረደ። ድምፅ የሌለው ሌባ ይሉታል ይኸ ነው!

ሦስተኛ፤ መጠገን። ዋናውን መዝጊያ ዘግቶ የቧንቧውን ራስ በመፍቻ መፍታት፣ ያለቀውን ጎሚኒ በልኩ መለወጥ። ቧንቧን በጉልበት ማጥበቅ ጎሚኒውን ይበላዋል እንጂ አያድንም። የመጸዳጃው ሳጥን ከሥሩ ባለው ጎማ ካፈሰሰ ደለሉን መጥረግ፣ ጎማው ከደረቀም መቀየር ነው። በመገጣጠሚያ በኩል ሲያፈስ አሮጌውን ቴፍሎን አንስቶ በጥርሱ አዙሪት አዲስ መጠቅለል ያስፈልጋል። ፌስታል ማሰር ግን ጥገና አይደለም። ውሃው ሲቋረጥ በዚያች ቀዳዳ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊሳብና በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ከጥገናው በኋላ እንደገና ለካን፤ የወረደው አንድ ጣት ያህል ብቻ ነው። የቀረው ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ በበጋ ሳሩ ከሚለመልምበት ሥፍራ ሳይሆን አይቀርም። ይህ መቆፈር ስለሚፈልግ ለአስተዳደር አመልክተናል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና ምላሹን በቶሎ እንጠብቃለን።

የሴቶች ማደሪያ እህቶቻችንን ግን በዚህ ጋዜጣ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሃውን የጨረሳችሁት እናንተ አልነበራችሁም።

መልመጃ፦ አንዲት ቧንቧ የአንድ ሊትር ጣሳ በ24 ደቂቃ ከሞላች፣ በሳምንት ስንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ታባክናለች? መልሱ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።