የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን ስንጎበኝ

በየቁምስናችን ቤት ለቤት እየተዘዋወሩ ሕሙማንንና አረጋውያንን የሚጎበኙ ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ከሚገጥሟቸው ሁኔታዎች ሁሉ ግራ የሚያጋባቸው ግን የማስታወስ ችሎታቸው የተዳከመባቸው አረጋውያን ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። የቆሰለ ሰው ቁስሉ ይታያል፤ የተራበም ይመገባል፤ የገዛ ልጃቸውን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ብለው በሚጠይቁ እናት ፊት ግን ጎብኚው የሚለው ይጠፋዋል። በዚህ ትምህርት ሁለት ነገሮችን አብረን እናጠናለን፤ ይኸውም ሰውን ማዕከል ያደረገ እንክብካቤ ምን ማለት እንደሆነና ተንከባካቢው የሠራውን ሥራ መልሶ የሚመረምርበት መንገድ ምን እንደሚመስል ነው። ሁለቱን ያጣመርናቸው የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ብዙ ስለማይዘልቅ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። በእኛ ዘንድ «ጃጁ» የምትለው አንዲት ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች። እርጅና በራሱ በሽታ አይደለም። በሕክምና ቋንቋ ዲሜንሺያ የሚባለው ግን አንጎል በበሽታ በመጎዳቱ ማስታወስን፣ ማሰብንና የዕለት ተግባርን ማከናወንን እያዳከመ የሚሄድ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከእነርሱም ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እንግዲህ የባለጸጎች አገር በሽታ ነው ማለት አይቻልም። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ ግራ መጋባቱ በጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ እንደሆነ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ወይም የመድኃኒት ጠንቅ ሊሆን ስለሚችል፣ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ሳይሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

ሰውን ማዕከል ያደረገ እንክብካቤ የሚለውን ሐሳብ በዚህ ሕመም ላይ በሰፊው ያዋለው በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቶም ኪትዉድ (1937–1998) ነው። ከእርሱ በፊት አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ካርል ሮጀርስ፣ ለምክር የመጣውን ሰው ከመመርመር ይልቅ ማዳመጥ እንደሚቀድም አስተምሮ ነበር። ኪትዉድ በ1997 ባሳተመው መጽሐፉ አረጋውያን የሚጦሩባቸውን ቤቶች በቅርብ ተመልክቶ ያገኘውን አስፍሯል። በዚያም የሰውን ክብር የሚሸረሽሩ 17 ዓይነት አድራጎቶችን ቆጥሯል። ከቆጠራው ይልቅ እኛን የሚነካን ግን አንድ ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ አድራጎቶች አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት የሚመነጩ አይደሉም። የሚፈጽሟቸው ደግ ሰዎች ናቸው፤ ተቻኩለው ወይም ደክመው፣ ያውም እየረዱ ሳሉ።

ከእነዚህ ጥቂቶቹን በቤታችን እናገኛቸዋለን። አንደኛው ሰውን እንደሌለ መቁጠር ነው። ጎብኚው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ልጅቱን «በልተዋል? ተኝተው አደሩ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እናት ግን እዚያው አጠገቡ ተቀምጠዋል። የቋንቋችን ነገር እዚህ ላይ ያስገርማል፤ «እርሳቸው» ስንል ያከበርናቸው ይመስለናል፤ ነገር ግን በፊታቸው ስለ እርሳቸው ስናወራ በአክብሮት ቃል ከጨዋታው አስወጥተናቸዋል። ሁለተኛው እንደ ሕፃን ማየት ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን «እርስዎ» ሲባሉ የኖሩትን ሰው «አንቺ» ብሎ ማባበል ወይም ጉርሻውን ሳይጠይቁ ወደ አፍ ማስጠጋት። ሦስተኛው መቅደም ነው። ጥያቄ ጠይቀን መልሱ እስኪመጣ ሳንታገሥ ሌላ እንጨምራለን፤ የሹራባቸውን ቁልፍ በዝግታ ሲቆልፉ እጃቸውን ገለል አድርገን እኛ እንቆልፋለን። አምስት ደቂቃ እናተርፋለን፤ እርሳቸው ግን ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር በዚያ ቀን ይጎድልባቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የሞተ ሰው ሲጠየቅ ነው። እናት «ባለቤቴ የት ሄዱ? ለምን አመሹ?» ይላሉ። ልጅ እውነቱን መናገር ይገባል ብላ «አባዬ'ኮ ካረፉ ዓመታት አለፉ» ትላለች። እናት ግን ይህን አሁን መስማታቸው ነው፤ ስለዚህ መርዶ ሆነባቸው። በባህላችን መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ በጥንቃቄ ነው የሚረዳው። እዚህ ግን አንዲት ሴት በቀን ሦስት ጊዜ፣ አልቃሽና አጽናኝ በሌለበት፣ በድስትና በማጀት መካከል ትረዳለች። ታዲያ «ገበያ ሄደዋል» እንበል? ይህን የሚመክሩ አሉ፤ እኛ ግን አንወደውም፤ ውሸቱ ማታ ሌላ ውሸት ይጠይቃልና። ከጥያቄው በስተኋላ ያለውን ስሜት መፈለግ ይሻላል። «ሲያመሹ ያሳስብዎት ነበር? ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብንል ብዙ ጊዜ ወሬው ወደ ትዝታ ይዞራል፤ ጭንቀቱም ይበርዳል። ፊት ለፊት «ሞተዋል እንዴ?» ብለው የጠየቁ እንደሆነ ግን እውነቱ እጃቸውን ይዞ፣ በቀስታ ይነገር።

ጾምም ሌላ ፈተና ነው። ሐኪሙ በደንብ ይመገቡ ብሏል፤ እርሳቸው «ጾም ነው» ብለው ወተቱን ገፉት። ደግ ተንከባካቢ ወተቱን በምግብ ውስጥ ደብቃ ልትሰጥ ትችላለች። ሆኖም ጾሙ የእኚህ ሴት ማንነት ነው፤ የዛሬን ቀን ስም የረሱ ሰው የዘመናቸውን ልማድ አልረሱም። መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የአጃ አጥሚት፣ ተልባ፣ ሽሮ፣ በሐኪም ምክር ሊበቃ ይችል እንደሆነ ነው። ካልበቃ ካህኑ ራሳቸው መጥተው ለእርሳቸው፣ ለልጃቸው ሳይሆን ለእርሳቸው፣ ጾሙ እንደማይጠበቅባቸው ቢነግሯቸው ቃሉ ሊሰማ ይችላል።

ኪትዉድ የእነዚህን ሰዎች ፍላጎት በአምስት ከፍሎ ያስቀምጣል፤ መጽናናት፣ የሚጠጉት ሰው ማግኘት፣ በሌሎች መካከል መቆጠር፣ የሚሠሩት ነገርና ማንነት። በመካከላቸው ፍቅርን ያኖራል። የሚሠሩት ነገር የሚለው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቡና ሲያፈሉ የኖሩ ሴት እሳቱ አደጋ ነው ተብለው ከቡናው ጭምር ይርቃሉ፤ ቡናውን መልቀምና ሲኒ መደርደር ግን የሚያቃጥል ነገር የለበትም። ማንነትን በተመለከተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚያውቁት ነገር አለ፤ የትናንቱን እንግዳ ያላስታወሱ ሰው በልጅነታቸው የተማሩትን ጸሎት ከጀመርንላቸው እስከ መጨረሻው ሊያደርሱት ይችላሉ። እንግዲህ በፍጥነት አንድገምባቸው፤ ጀምረንላቸው ዝም እንበል።

ይህን ሁሉ ማወቅ ግን ብቻውን አይበቃም። ቸኩለን ስንገባ የምናደርገው የለመድነውን ነው። ዶናልድ ሾን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1983 ባወጣው መጽሐፍ፣ ብልህ ባለሙያ በሥራው መካከልም ከሥራው በኋላም እንደሚያስብ አሳይቷል። በ1988 ደግሞ ግራሃም ጊብስ ለዚሁ ስድስት እርምጃዎችን አቀረበ፤ የሆነውን መተረክ፣ የተሰማንን መናገር፣ ምኑ በጎ ምኑ መጥፎ እንደነበር መለየት፣ ለምን እንዲያ እንደሆነ መመርመር፣ ሌላ ምን ማድረግ ይቻል እንደነበር መደምደም፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ማቀድ። ማታ ማታ ኅሊናውን መመርመር ለለመደ ምእመን ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነት ግን አለው፤ እዚህ የምንፈልገው ኃጢአት አይደለም፤ ያለ ማንም ጥፋት የተበላሸን ነገርም እንመረምራለን፣ ሳናስበው የቀናውንም እንዲሁ።

በተግባር ሲታይ ቀላል ነው። ከጉብኝት የተመለሱ ሁለት ሰዎች ሩብ ሰዓት ይቀመጡ። «ዛሬ ተቆጡ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ከቁጣው በፊት ምን ሆነ? ማን ገባ? ምን ተነካ? ተቆጡ የተባሉት ሴት ምናልባት ልብሳቸውን ሳይጠየቁ ሲያወልቋቸው እጅ መትተው ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ቁጣው በሽታ ሳይሆን መልስ ነው። በዚህ ውይይት የሚያሰጋው ሐሜት ነው። ስለዚህ በማስታወሻው ላይ ስም አይጻፍ፤ የቤት ምሥጢር ከሁለቱ ጎብኚዎች አይለፍ፤ ሰው ሲበደል ወይም ሲደበደብ የታየ እንደሆነ ግን ዝምታ ምሥጢር መጠበቅ አይደለም፤ ለቆሞሱና ለሚመለከተው አካል ይነገር።

ልጅቱን አንርሳ። ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነሣ፣ ለራሷ ሕመም ሐኪም ቤት ያልሄደች፣ በእናቷ ላይ ጮኻ ከዚያ የምታለቅስ ሴት በየሰፈሩ አለች። እርሷንም እንደ ረዳት እጅ ብቻ ማየት ያው ሰውን እንደሌለ መቁጠር ነው። የቁምስናው ማኅበር በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከእናቲቱ ጋር የሚቀመጥ ሰው ቢመድብ ልጅቱ ትተነፍሳለች። በየትኛው ቀን እንደሚመቻት፣ እናቷን ማን ቢቀመጥላቸው እንደምትወድ ግን አስቀድሞ እርሷ ትጠየቅ፤ እናቲቱም እንዲሁ።