ጥይታችሁ ከፍ ካለ፣ ደስ ይበላችሁ!

አምስት ጥይት ተኩሳችሁ አምስቱም ከኢላማው መሃል አንድ ጋት ከፍ ብለው፣ ግን እንደ ወንድማማች ተጠጋግተው ቢያርፉ ምን ይሰማችኋል? ብዙ ሰው አንገቱን ይደፋል። እኔ ግን እላችኋለሁ፦ እጃችሁ ደህና ነው! ጥይቱ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ቢበተን ኖሮ ጥፋቱ የአያያዝ፣ የትንፋሽ ወይም የቃታ አሳሳብ ነበር። አንድ ቦታ ሰብስቦ የሳተ ሰው መተኮስ ያውቃል። የቀረው የማነጣጠሪያው ልክ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በካቻቢቴ ይስተካከላል።

ስድስት ጎራሽ ሽጉጥን እንውሰድ፤ መቼም ፈቃድ ያለው መሣሪያ፣ የተፈቀደ የተኩስ ቦታ ማለቴ ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ በብሎን ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ እሱን አንቀሳቅሱት። ከፍ ብሎ መታ? ዝቅ አድርጉት። የፊተኛው ግን ተቃራኒ ነው፤ ጥይቱን ለማውረድ የፊቱ ጉጥ መርዘም አለበት። ይህን ሳያጣራ ሞረድ ያነሳ ሰው ጉጡን ባሳጠረ ቁጥር ጥይቱ ይብስ ሽቅብ ይወጣበታል። ትጋት አለ፣ ላብ አለ፣ አቅጣጫው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ስንቶቻችን እንዲህ ደክመናል!

ለመሆኑ ማስተካከያው ምን ያህል ነው? በ25 ሜትር ርቀት ጥይቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ እንበል። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ማነጣጠሪያ ያለው ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 10ን በ15 አባዙና ለ2,500 አካፍሉ። 0.06 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ብታልፍ ነው! ያ ሁሉ ብስጭት፣ ያ ሁሉ «እኔ አልረባም» ማለት፣ ከዚህች የተነሳ ነበር።

ብሎኑን ከመንካታችሁ በፊት ግን ዘወትር የምትተኩሱትን ጥይት ለዩ። ከባድ እርሳስ ዝቅ ብሎ የሚመታ ይመስለናል፤ በሽጉጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ዝግ ብሎ ስለሚሄድ፣ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ሽጉጡ በግፊቱ ሽቅብ መነሳት ይጀምራላ።

ለወሎዋ ኩታበር ልጅ ከፍ ብሎ የሚያልፍ ተኩስ የሩቅ ወሬ አይደለም። በስተምዕራብ የዐፄ ቴዎድሮስ አምባ መቅደላ አለላችሁ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር የበሽሎ ወንዝን ተሻግሮ ወደ አሮጌ ሜዳ ሲወጣ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፎች ከፋህላ ከፍታ ላይ ተኮሱ። አረሩ በአብዛኛው ከጠላት ራስ በላይ አለፈ። የንጉሡ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ ከነወታደሮቻቸው ቁልቁል ተወርውረው፣ ከኋላ የሚጎርሰው የስናይደር ጠመንጃ እሳት ላይ ወደቁ። እነዚህ ሰዎች ድፍረት ጎድሏቸው ነበር? በፍጹም! 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር አንስተው፣ ገደል እየናዱ መንገድ እያወጡ፣ ከአምስት ወር በላይ ጎትተው መቅደላ ያደረሱት እነሱ ናቸው። ስማቸውን በክብር ነው የማነሳው።

ከከፍታ ቁልቁል ሲተኮስ አረር አልፎ መሄዱ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ምድር ጥይቱን የምትስበው ቀጥታ ወደ ታች ነው፤ መንገዱ ቁልቁል ሲያጋድል ከመስመሩ የምታጎብጠው በሜዳ ላይ ከምታጎብጠው ያንሳል። ማሳ የሚጠብቅ የደጋ ልጅ ይህን ያለ ትምህርት ቤት ያውቀዋል። አምባው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ገብሱ ውስጥ ወደ ገባው ዝንጀሮ በወንጭፍ ሲወረውር የመጀመሪያዋ ድንጋይ አልፋ ትወድቃለች። ልጁ አያለቅስም፤ የወደቀችበትን ያያል፣ ሁለተኛዋን ዝቅ አድርጎ ይለቃታል። የአሮጌው ውጊያ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ልክ የሚፈለገው ቁርጡ ቀን ሳይመጣ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጅ ተማሪ በሳምንት ስድስት ምዕራፍ ታቅዳለች፣ አራት ትጨርሳለች። በቀጣዩም ሳምንት ስድስት አቅዳ አራት ጨረሰች። በሦስተኛውም እንዲሁ። «ሰነፍ ነኝ» ብላ መጽሐፉን ልትዘጋ ትደርሳለች። እህቴ፣ አንቺ ሰነፍ አይደለሽም! ሦስት ሳምንት ሙሉ አራት አራት ምዕራፍ የጨረሰ ሰው እጁ የጸና ነው። ከፍ ያለው ዕቅድሽ ነው። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ኢላማሽን እንዳትነኪው፤ የሳምንቱን ዕቅድ ወደ አራት አውርጂና ለንባቡ ተጨማሪ ሳምንታት ያዢለት። ሱቅ ከፍቶ በየወሩ ከሚሸጠው አብልጦ ዕቃ የሚያስገባውም ነጋዴ እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ብሎን አትንኩ። ሽጉጡን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ እንደሚተኩስ ሰው ረጋ በሉና ያቀዳችሁትንና የፈጸማችሁትን ጎን ለጎን ጻፉ። ሦስት አራት ሳምንት ከያዛችሁ በኋላ ልዩነቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ከመጣ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ትንሽ ብቻ ዝቅ አድርጉ። ከዚያ እንደገና አምስት ተኩሱ። አሁን ደግሞ ዝቅ ካለ የዞረውን ግማሽ መልሱና ቀጥሉ።