በጃማይካ የተተከለችው ቤተ ክርስቲያንና የመምህራን ፈተና

ወንጌልን ይዞ ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ መምህር አብዛኛውን ጊዜ ልቡን የሚያዘጋጀው ለጥላቻና ለስደት ነው። ይህም አግባብ አለው፤ የሐዋርያት ታሪክ እስራትና ድብደባ የመላበት ነውና። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስና በርናባስ በልስጥራ የደረሰባቸውን ያስተዋለ ሰው ሌላም ፈተና እንዳለ ይረዳል። ሕዝቡ አማልክት ናቸው ብሎ ኮርማና የአበባ ጉንጉን ይዞ ሊሠዋላቸው በመጣ ጊዜ ልብሳቸውን ቀደዱ እንጂ፥ ይህን ፍቅር ለጊዜው እንቀበለውና ኋላ እናቃናዋለን አላሉም። ይህን የሚመስል ፈተና ቤተ ክርስቲያናችንን በጃማይካ ደሴት ስለ ገጠማት ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ ጳጳስ ከእስክንድርያ ስትቀበል የኖረችው ቤተ ክርስቲያን በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ አገኘች፤ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ እርሷ ራሷ መምህራንን ወደ ሩቅ አገር ላኪ ሆነች። በጃማይካ ግን ከመምህራኑ በፊት የኢትዮጵያ ስም ደርሶ ነበር። በባርነት ከአፍሪካ የተጋዙት ሰዎች ልጆች ኢትዮጵያን ከመጽሐፍ ቅዱስ አንብበው ወደዷት። በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በተሰማ ጊዜም ከእነርሱ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ አምላክ ናቸው የሚሉ ተነሡ፤ ከዘውድ በፊት በነበረው ስማቸውም ራስ ተፈሪያን ተባሉ። እኛ በአገራችን ተቀምጠን የኢትዮጵያን ስም እንደ እነርሱ በናፍቆት ጠርተነው እናውቅ እንደ ሆነ እንጃ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን በደረሱ ጊዜ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ከብቦ መውረጃ እስኪያጡ ድረስ ተቀበላቸው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚያ የተቋቋመችው ከአራት ዓመት ያህል በኋላ ነው። የተላኩት መነኩሴ ኋላ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት አቡነ ይስሐቅ ናቸው። ሊጠመቁ ከመጡት አንዳንዶቹ በንጉሡ ስም ካልሆነ አንጠመቅም አሉ። መምህሩ ያጠመቁት ግን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብቻ ነው፤ በዚህ ምክንያት የተመለሱም ነበሩ። ሁለት ቀላል መንገዶች ቀርበውላቸው ነበር ማለት ይቻላል፦ ሰውን ለማብዛት ዝም ማለት፥ ወይም መናፍቃን ብሎ በሩን መዝጋት። ሁለቱንም አለመያዛቸውን እኛ ትልቅ ነገር አድርገን እንቆጥረዋለን። ደግሞስ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የተጠመቁና የሚያስቀድሱ ክርስቲያን አልነበሩምን? ስማቸውስ የሥላሴ ኃይል ማለት አይደለምን? የሰውዬውን ስም ትርጉም ለወዳጆቹ መተርጐም ብቻውን አንድ ስብከት ነው።

የሥርዓቱም ነገር ቀላል አልነበረም። ቅዳሴ በሥርዓታችን ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ይሻል፤ አንድ መነኩሴ ባሕር ተሻግሮ ብቻውን ምን ያደርጋል? ስለዚህ ከአገሩ ልጆች መርጦ ማስተማርና መሾም ለነገ የሚባል አልነበረም። ግእዝ የማያውቅ ምእመን ተሰጥኦውን እንዲመልስም በቋንቋው መቀደስ አስፈለገ። ደግነቱ ማርቆስ ዳውድ የተባሉ ግብጻዊ ቅዳሴያችንን ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት፥ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ አርመውት፥ ከጃማይካው ተልእኮ ከዐሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ በአዲስ አበባ ታትሞ ነበር። አታሚዎቹ ለኪንግስተን ያዘጋጁት አይመስለንም።

ዓለም ሁሉ ከሚያውቃቸው ጃማይካውያን ዘፋኙ ቦብ ማርሌ ባለቤቱና ልጆቹ ከተጠመቁ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ ታሞ ሳለ፥ በጥቅምት ወር 1973 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። በዚያው ዓመት በግንቦት ሲያርፍ በኪንግስተን ጸሎተ ፍትሐቱን የመሩት አቡነ ይስሐቅ ነበሩ። አቡነ ይስሐቅ ራሳቸውም በ1998 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ዐፅማቸው ያረፈው በዚያችው በኪንግስተን ነው።