የሩቅ ጦርነት ጥላሸትና የእኛ ክረምት
በቂርቆስ፣ ከካዛንቺስ አጠገብ ባለው አፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ በዓመቱ አህጉራችን ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ እንድትሆን አወጀ። ታዲያ ሕንድና ፓኪስታን በኑክሌር ቢዋጉ እኛን ያሰጋናልን? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሰላው፣ የሂሮሺማውን የሚያህሉ 100 ቦምቦች ከተሞችን ቢያቃጥሉ 5 ሚሊዮን ቶን ያህል ጥላሸት ወደ ስትራቶስፌር ይወጣል። እዚያ ዝናብ ስለማያጥበው ለዓመታት ፀሐይን ይጋርዳል፤ የምድርም አማካይ ሙቀት ከ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይቀንሳል። የብስ ሲቀዘቅዝ ዝናብ አምጪ ነፋሳት ይዳከማሉ። እ.ኤ.አ. በ1783 የአይስላንዱ ላኪ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ፣ ከደጋችን የክረምት ዝናብ የሚመነጨው የዓባይ ሙላት ማነሱን ሳይንቲስቶች ከዚሁ ዓይነት ቅዝቃዜ ጋር ያያይዙታል። እንግዲህ አዋጁ ቦምብን ከምድራችን ያርቃል፤ ጥላሸትን ግን ከሰማያችን፣ ረሃብንም ከማዕዳችን ሊያርቅ አይችልም።