«ዲማይዝ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጓሜና ምንጭ

የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ የአገሪቱ ሕግ ነገሩን የሚጠራው «ዲማይዝ ኦቭ ዘ ክራውን» ብሎ ነው። «ክራውን» ዘውድ ነው፤ «ዲማይዝ»ን ደግሞ መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚመለከት ሰው «ሞት» የሚል ፍች ያገኝለታል። ሁለቱን አጋጥሞ የሚተረጕም እንግዲህ «የዘውድ ሞት» ብሎ ይጽፋል ማለት ነው። ሕጉ ግን የሚናገረው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ንግሥቲቱ ሲሞቱ ዘውዱ ሳይሞት በዚያችው ቅጽበት ወደ ልጃቸው ወደ ቻርልስ አለፈ። በውጭ አገር የሚያገለግሉ ካህናት የሟችን የሕይወት ታሪክ በሁለት ቋንቋ እንዲያነቡ በሚጠየቁበት በዚህ ዘመን፣ ስለ ሞት የሚነገር ቃል ሥሩ ሳይታወቅ ቢመረጥ ሐዘንተኛውን ያሳስታልና ይህን ቃል ልንመረምረው ወደድን።

እንግሊዞች ለሞት የራሳቸው ጥንታዊ ቃል አላቸው፤ «ዴዝ» ይሉታል። «ዲማይዝ» ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ እንግዳ ነው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ ለብዙ ዘመን የሕግና የችሎት ቋንቋ ሆኖ ስለ ኖረ፣ የርስትና የውል ቃላት በብዛት በዚያ በር ገቡ። የሩቅ ሥሩ «ሚተሬ» የሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ ላከ፣ ለቀቀ ማለት ነው። መለየትን የሚያመለክት ባዕድ ቀለም ሲጨመርበት አሰናበተ፣ ከእጁ ለቀቀ ይሆናል። በ15ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝኛ ሲታይ ርስትን በኑዛዜ ወይም በኪራይ ለሌላ ማስተላለፍ ነበር እንጂ ሞትን አያመለክትም ነበር።

ለዚህም የታወቀ ማስረጃ አለ። እስከ 1852 እ.ኤ.አ. ድረስ በእንግሊዝ አገር የመሬት ክርክር ሲነሣ እውነተኛው ከሳሽ መሬቱን «ዶ» ለሚባል በሐሳብ ለተፈጠረ ሰው እንዳከራየ ተደርጎ ይጻፍ ነበር፤ መዝገቡም «ዶ፣ በእገሌ ዲማይዝ» ይባል ነበር። የዛሬ አንባቢ ይህን አይቶ ለእገሌ «ነፍስ ይማር» ይል ይሆናል። እገሌ ግን ርስቱን ሊያስመልስ የሚሟገት ጤነኛ ሰው ነው! ዛሬም ቢሆን የመርከብ ባለቤት መርከቡን ያለ መርከበኛ ሙሉ በሙሉ ለሌላ ሲያከራይ ውሉ «ዲማይዝ ቻርተር» ይባላል። ተከራዩ የራሱን አዛዥ ይሾምበታል፤ ዘመኑ ሲፈጸም መርከቡ ወደ ጌታው ይመለሳል።

ወደ ዘውዱ ስንመለስ፣ ሊቀ ሕግ ዊልያም ብላክስቶን በ1765 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝ ሕግ የንጉሥን ሞት በዚህ ቃል የሚጠራበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ሰውዬው ቢሞትም ንጉሥነቱ ስለማይሞትና መንግሥቱ ለወራሹ ስለሚተላለፍ ነው ይላል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የ1936 እ.ኤ.አ. ነገር ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ በፈቃዳቸው ከዙፋን በወረዱ ጊዜ የወጣው ሕግ «ዲማይዝ» እንዲሆን፣ ወራሹም እንዲተካ ደነገገ፤ የለቀቁት ንጉሥ ግን እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በሕይወት ኖረዋል። ቃሉ ሞት ቢሆን ኖሮ ሕጉ ሕያውን ሰው ቀበረ ባሰኘ ነበር።

ወደ ሞት የተሻገረው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ርስትና ዘውድ በብዛት የሚተላለፉት ባለቤቱ ሲሞት ስለሆነ የማስተላለፉ ስም ለሞቱ ተሰጠ። ከዚያም አልፎ ዛሬ ጋዜጦች ስለ ከሰረ ኩባንያ፣ ስለ ፈረሰ ማኅበር ሁሉ ይጽፉበታል። በእኛ አስተያየት ቃሉ በዚህ ጉዞ ግማሽ ሰውነቱን አጥቷል፤ የለቀቀው ሲታወስ የተቀበለው ተረስቷልና።

የላቲኑ ዘር ግን በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ውስጥ ተቀባዩን እንደ ያዘ ይገኛል። አረጋዊው ስምዖን ሕፃኑን ታቅፎ የጸለየው ጸሎት በሮም ሰዎች ዘንድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት «ኑንክ ዲሚቲስ» ተብሎ ይጠራል፤ «ዲሚቲስ» ከዚያው ከ«ሚተሬ» የወጣ ነው። አማርኛችንም በዚያ ስፍራ ማሰናበት ይለዋል። ባሪያው በገዛ ራሱ አይሄድም፤ የሚያሰናብተው ጌታ አለው። የእኛም ግእዝ ስለ ጌታችን በመስቀል ላይ መሞት ሲናገር «መጠወ» የሚለውን ግሥ ይዟል፤ ሰጠ፣ አስረከበ ማለት ነው። መጠወ ካልን ዘንድ ተቀባይ ሳይኖር አይቀርም፤ እርሱም አብ ነው።

ስለዚህ ስንክሳር «አዕረፈ» ያለውን ወይም እኛ በልቅሶ ቤት «ዐረፈ» የምንለውን «ዲማይዝ» ብሎ መተርጐም አይስማማም፤ አንድም የውል ቋንቋ ነው፣ አንድም የጋዜጣ። በእንግሊዝኛ የሚጸልዩ ኦርቶዶክሳውያን ለዚህ «ሪፖዝ» የሚል ቃል አላቸው፤ ዕረፍት ነው። «ፌል አስሊፕ»ም ይላሉ፤ አንቀላፋ ማለት ነው፤ ጌታ ስለ አልዓዛር የተናገረበት የግእዙ «ኖመ» ነው። እንግሊዞች መቃብር ስፍራን «ሰሚተሪ» የሚሉትም ከዚሁ ከእንቅልፍ ነው፤ መነሻው በግሪክ የመኝታ ቤት ማለት ነበርና።