በዓይን ስለማይታየው የመኪና ጢስ

በበጋ ወራት በጋምቤላ መንገድ ላይ አቧራ ሲነሣ ሁላችንም አፍንጫችንን በነጠላ ወይም በእጃችን እንሸፍናለን። ሞተሩን ሳያጠፋ መንገደኛ በሚጠብቅ ባጃጅ አጠገብ ስንቆም ግን ማንም አፍንጫውን አይሸፍንም፤ የሚታይ ነገር የለምና። ይሁን እንጂ ወደ ሰውነታችን ጠልቆ የሚገባው ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ነው።

ሞተር ነዳጅን ሲያቃጥል ሁሉንም ፈጽሞ አያቃጥለውም። የተረፈው ጥላሸትና እንፋሎት ከጢስ ማውጫው ወጥቶ በድንገት ሲቀዘቅዝ እጅግ ረቂቅ ብናኝ ይሆናል። ሊቃውንት ረቂቅ ብናኝ የሚሉት ወርዱ ከ0.1 ማይክሮሜትር የሚያንሰውን ነው። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር ሺሕኛ እጅ ሲሆን፥ የሰው ጠጉር ወርድ ወደ 70 ማይክሮሜትር ይጠጋል።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። ወርዱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ አንድ የአቧራ ቅንጣት ተፈጭቶ 0.1 ማይክሮሜትር ወደ ሆኑ ቅንጣቶች ቢለወጥ፥ 100 × 100 × 100፥ ማለት 1,000,000 ቅንጣቶች ይወጡታል። ክብደቱ ያው ነው፤ ሰውነትን የሚነካው ገጽ ግን 100 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ረቂቁ ብናኝ በሚዛን ሲታይ ኢምንት ነው፤ በቍጥር ሲታይ ግን እጅግ ብዙ ነው።

ወደ ሰውነት አገባቡ እንደሚከተለው ነው። ትልልቁን አቧራ የአፍንጫ ጠጉርና ንፍጥ ይይዙታል፤ በማስነጠስና በማሳልም ይወጣል። ረቂቁ ብናኝ ግን እስከ ሳምባ የመጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። እነዚህ ከረጢቶች ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፍባቸው በሮች ናቸው፤ ከብናኙም ጥቂቱ በዚያው በር ያልፋል። ከዚህም የተነሣ ሳምባ ይቆጣል፤ አስም ያለበት ይብስበታል፤ ልብና የደም ሥሮችም ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በቤልጂየም አገር የሐሰልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፥ እናቶች የተነፈሱት ጥላሸት በእንግዴ ልጅ ውስጥ በጽንሱ ወገን ሳይቀር መገኘቱን ገልጸዋል። ከዚያም አስቀድሞ በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍጣ ጢስ ካንሰር እንደሚያመጣ ወስኗል።

እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ማን ነው? ቀኑን ሙሉ በመንገድ ዳር ተቀምጣ የምትሸጥ እናት፥ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን፥ የባጃጅ ነጂውና ከመቱና ከጎሬ ደጋ ወርዶ የሚመጣው የጭነት መኪና ረዳት ናቸው። ነጠላና መሐረብ አቧራ ያስቀራሉ እንጂ ይህን ብናኝ አያስቀሩም።

ይሁን እንጂ መድኃኒት የሌለው ነገር አይደለም። አንደኛ፥ ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ሞተሩን ያጥፋ፤ ይህ ነዳጅም ያተርፋል። ሁለተኛ፥ ጥቁር ጢስ ናፍጣው በሚገባ አለመቃጠሉን፥ ሰማያዊ ጢስም የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያስታውቃልና ባለ መኪናው ቶሎ ያሠራው። ሦስተኛ፥ የብናኙ ቍጥር ከመንገድ በራቁ መጠን ፈጥኖ ይቀንሳል፤ 300 ሜትር ያህል ሲርቁ የመንገዱ ብናኝ እምብዛም አይለይም። ስለዚህ የሻጮችን መደብና የልጆችን መጫወቻ ጥቂት እንኳ ከመንገዱ ፈቀቅ ማድረግ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አድርጓል። የኤሌክትሪክ መኪና ጢስ የለውም፤ ከፍሬኑና ከጎማው ግን ብናኝ ይወጣል። አሁን በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖችም ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች የተማርነውን ለወላጆቻችንና ለነጂዎች እናስረዳ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፥ ሐኪም ቤት ከመሄድ በፊት ቍልፉን አዙሮ ሞተር ማጥፋት ይቀላል።